የነርስ ትምህርት ቤት መሪ በምን ይመዘናል?

ሐኪሙ በሽታውን መርምሮ መድኀኒቱን አዝዞ ሲሄድ፣ ሌሊቱን ከበሽተኛው አጠገብ ሆኖ የሚያነጋው ነርስ ነው። ነርሱን የሚያወጣው ትምህርት ቤት ነው፤ ትምህርት ቤቱም መልኩን የሚይዘው ከመሪው ነው። በአገራችን በነርስነት በዲግሪ የተመረቀ ወጣት የሥራ ፈቃድ እንዲያገኝ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ የብቃት ፈተና ተዘጋጅቶለታል። ይህ መልካም ነው። ነገር ግን ተማሪው ሲወድቅ ጥፋቱን ሁሉ በእርሱ ላይ ጥለን እንዳንሄድ፣ ትምህርት ቤቱን የመራውስ ሰው በምን ይመዘናል ብለን ልንጠይቅ ይገባናል።

ለመልሱ ሩቅ አንሄድም። በኮልፌ ቀራኒዮ፣ በዘነበወርቅ ሰፈር የሚገኘው አለርት በ1958 ዓ.ም. ሲቋቋም፣ ዓላማው የሥጋ ደዌ በሽተኞችን ማከምና ከልዩ ልዩ የአፍሪካ አገሮች የሚመጡ ሠራተኞችን ማሠልጠን ነበር። የሥጋ ደዌ የእግርን ነርቭ ሲጎዳ በሽተኛው ሚስማር ቢወጋው፣ እሳት ቢያቃጥለው አይሰማውም። ስለዚህ የነርሱ ዓይንና እጅ ስለ በሽተኛው ሆነው የተሰነጠቀውን ቆዳ፣ የሞቀውን ወይም ያበጠውን ስፍራ ቁስል ሳይሆን ማግኘት አለባቸው። ይህን ከመጽሐፍ ለማንበብ አንድ ሰዓት ይበቃል፤ እጅ እንዲለምደው ግን ብዙ ቀን ከበሽተኛ ጋር መዋል ያስፈልጋል። ተማሪዎቹን ወደ በሽተኛው አልጋ ሳያደርስ ጥሩ ነርስ የሚጠብቅ መሪ፣ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ የወጣን ሰው ይመስላል።

የጥንቱም ምሳሌ ይህንኑ ያስተምረናል። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1860 በለንደን፣ በቅዱስ ቶማስ ሆስፒታል የናይቲንጌል የነርሶች ትምህርት ቤት ሲከፈት፣ የትምህርት ቤቱ የበላይ የሆኑት ወይዘሮ ዋርድሮፐር የሆስፒታሉም የነርሶች አለቃ ነበሩ። የእያንዳንዷ ተማሪ ጠባይና ሥራ በየወሩ በመዝገብ ይጻፍ ነበር። ትምህርት ቤቱና የበሽተኛው ክፍል አልተለያዩም ማለት ነው።

የዓለም ጤና ድርጅትም በአውሮፓ አቆጣጠር በ2016 ለነርስ መምህራን 8 የብቃት መስኮችን አውጥቷል። ከእነዚህም ውስጥ የማስተማር ዘዴ፣ ሥርዓተ ትምህርት፣ የነርስነት ሙያ፣ ምርምር፣ ሥነ ምግባርና ምዘና ይገኛሉ። አስተዳደርና አመራር ከ8ቱ አንዱ ብቻ ነው። እንግዲህ መዝገብ አጣርቶ መያዝና ስብሰባ መምራት የሚችል ሰው ሁሉ የነርስ ትምህርት ቤት ለመምራት ይበቃል ማለት አይቻልም።

እኛ እንደሚመስለን መዛኙ ከቢሮው ወጥቶ እነዚህን ቢጠይቅ ይጠቀማል። መሪው በበሽተኞች ክፍል የታየው መቼ ነው? የሚቀበላቸው ተማሪዎች ቁጥር ከመለማመጃው አልጋና ከአሠልጣኙ ብዛት ጋር ይመጣጠናል? ተማሪ መድኀኒት ሲሳሳት ደፍሮ ይናገራል፣ ወይስ ቅጣት ፈርቶ ይደብቃል? የተደበቀ ስሕተት ነገ በሌላ በሽተኛ ላይ ይደገማልና ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ከሁሉም ይከብዳል።

ነገ በሹመት ወንበር የምትቀመጡ ወጣቶች ሆይ፣ ለእንዲህ ያለ ቦታ ሰው ስትመርጡ የምስክር ወረቀቱንና የአገልግሎት ዘመኑን ብቻ አትቁጠሩ። ያ ሰው ያሠለጠነው ነርስ አንድ ሌሊት የእናታችሁን አልጋ ይጠብቅ ይሆናል።