የገረጣው ዋግ፦ ቪዲዮ ተጨምቆ ሲወጣ ቀለሙ ለምን ይደበዝዛል?



የዛሬው ገለጻዬ መነሻ ሁሩታ አጠገብ ባለ የስንዴ ማሳ የቀረጽኩት አጭር ቪዲዮ ነው። ዓላማው ቢጫ ዋግንና የግንድ ዋግን ለገበሬዎች ለይቶ ማሳየት ነበር። ጉዳዩ በአርሲ ቀላል አይደለም። በ2010 እ.ኤ.አ. ቢጫ ዋግ ኩብሳ የተባለውን ዝርያ ክፉኛ መታው፤ ቢጫውን ዋግ ስለሚቋቋም የተስፋፋው ዲገሉ ደግሞ በ2013 እ.ኤ.አ. በግንድ ዋግ ተጠቃ። አንደኛው ብርቱካናማ ቢጫ ነው፣ በቅጠል ላይ በመስመር ይደረደራል፤ ሁለተኛው ቀይ ቡናማ ነው፣ አገዳውን ይሰነጥቃል።

በማቀናበሪያው ስክሪን ላይ ቀለሙ ልክ እንደ ማሳው ነበር። ፋይሉን አውጥቼ በፕሮጀክተር ሳሳይ ግን ጥቁሩ አመድ መሰለ፤ አረንጓዴው ገረጣ። አንድ አዛውንት «ይህማ የደረሰ ስንዴ ነው» አሉኝ። አልተሳሳቱም፤ በግድግዳው ላይ የሚታየው እርሱ ነበር።

ያን ሌሊት የሠራሁት ስሕተት ብዙዎቻችሁ የምትሠሩት ነው፦ የቀለሙን ድምቀት ጨመርኩ። ፕሮጀክተሩ ላይ ተሻሻለ፤ ስልኬ ላይ ግን ማሳው በዘይት ቀለም የተለቀለቀ መሰለ። አንድ ፋይል በሁለት መሣሪያ ላይ እንዲህ ከተለያየ፣ ከቀለሙ በፊት አነባበቡን መጠርጠር ነበረብኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለ 8 ቢት ቪዲዮ ከ0 እስከ 255 ባሉ ቁጥሮች ይጻፋል። የቴሌቪዥን ልማድ ጥቁርን በ16፣ ነጭን በ235 ያስቀምጣል፤ የኮምፒውተር ስክሪን ግን ጥቁርን 0፣ ነጭን 255 ይላል። ስለዚህ አጫዋቹ ጠባቡን ክልል ወደ ሙሉው መዘርጋት አለበት። ሳይዘረጋው ከቀረ 16 ጥቁር መሆኑ ቀርቶ ግራጫ ይሆናል፤ ነጩ ይደክማል፤ በ16 እና በ240 መካከል የታጨቀው የቀለም ምልክትም ከሙላቱ 88 በመቶ ያህሉ ብቻ ይታያል። በተቃራኒው ሙሉው ክልል እንደ ጠባብ ከተነበበ ጥላው ሁሉ ተውጦ ይጠቁራል።

የትኛው ክልል እንደሆነ ለአጫዋቹ የሚነግረው በፋይሉ ውስጥ ያለ ትንሽ መለያ ነው። ኤፍኤፍፕሮብ በተባለው ነጻ መሣሪያ ብመለከተው የእኔ ፋይል «ሙሉ» ይላል፤ ቁጥሮቹ ግን የቴሌቪዥኑ ነበሩ። ምርጫውን ያደረግሁት እኔው ነኝ፤ «ሙሉ» የሚለው ቃል የተሻለ መስሎኝ! ለፕሮጀክተሩ ያጫወተው ፕሮግራም መለያውን አምኖ አገረጣው፤ ስልኬ መለያውን ችላ ብሎ በትክክል አሳየው። በኤፍኤፍኤምፔግ መለያውን ብቻ ማረም ይቻላል፤ ምስሉን ደግሞ መጨመቅ አያስፈልግም።

ጥቁሩ ጥቁር ሆኖ አረንጓዴውና ቀዩ ብቻ ከተዛቡ፣ ምናልባት የ1982ቱ ቢቲ 601 እና የ1990ው ቢቲ 709 መስፈርቶች ተምታተው ይሆናል። የመጀመሪያው ለብሩህነት ስሌት ለአረንጓዴ 0.587፣ ሁለተኛው 0.715 ክብደት ይሰጣሉና። አዳዲስ ስልኮች በኤችዲአር የሚቀርጹትም ሳይለወጥ በተራ ስክሪን ላይ ሲከፈት ይገረጣል፤ የዋግ ቪዲዮ ለመቅረጽ ኤችዲአርን ማጥፋት ይበጃል ባይ ነኝ።

መለያ የማያስተካክለው አንድ ጉዳትም አለ። በተለመደው 4:2:0 አጨማመቅ እያንዳንዱ ነጥብ የራሱን ብሩህነት ይይዛል፤ ቀለሙን ግን አራት ነጥቦች ይጋራሉ። ከሩቅ በተቀረጸ ቅጠል ላይ አንድ የዋግ መስመር የነጥብ ስፋት ብቻ ካለው፣ ቢጫው ከጎኑ ካለው አረንጓዴ ጋር ይደባለቃል። ይህን ድምቀት በመጨመር መመለስ አይቻልም፤ ወደ ማሳው ተመልሶ ካሜራውን ቅጠሉ ሥር አስጠግቶ መቅረጽ ነው። እኔም ተመልሻለሁ፤ ጤዛው ሳይረግፍ፣ ጫማዬ በጭቃ ተለውሶ።

አሁን ከመጨረሻው ቅጂ በፊት የአሥር ሰከንድ መሞከሪያ አወጣለሁ፦ ጥቁር፣ ግራጫ፣ ነጭ፣ ከዚያም አንድ የታመመና አንድ ጤነኛ ቅጠል ጎን ለጎን። በሁለት አጫዋቾች፣ በስልክና በራሱ በማሳያው ፕሮጀክተር ላይ ካላየሁት ፋይሉን ለማንም አልሰጥም። ያንኑ መሞከሪያ በዚህ አዳራሽ ስክሪን ላይ እከፍታለሁ፤ እባካችሁ መብራቱን አጥፉልኝ።