ውሻ በአረጋውያን ቤት፦ ጥቅሙና ጥንቃቄው



ከደባርቅ ተነስቶ የሊማሊሞን ጠመዝማዛ መንገድ በመውረድ ወደ አዲ አርቃይ የሚጓዝ ሰው በመንገዱ ላይ ዛሪማን ያገኛል። በዚያ አካባቢ፣ እንደ ሌላው የሰሜን ጎንደር ገጠር ሁሉ፣ ውሻ የግቢና የከብት ጠባቂ ነው። ልጆች ለሰሊጥ ሥራ ወደ ሁመራና መተማ ሲወርዱ ወይም ለትምህርት ጎንደር ሲገቡ፣ ቤቱንና ፍየሎቹን ይዘው የሚቀሩት ብዙውን ጊዜ አረጋውያን ወላጆች ናቸው። ለመሆኑ ውሻው ለእነዚህ አባቶችና እናቶች ጤና ምን ይጠቅማል? ምንስ ጉዳት ያስከትላል?

ለከብት ጥበቃ፣ ለእርሻና ለአደን ውሻ መያዝ በሐዲስ የተፈቀደ መሆኑ፣ ውሻ የላሰው ዕቃም ሰባት ጊዜ፣ ከእነዚህም አንዱን በአፈር፣ እንዲታጠብ መታዘዙ ይታወቃል። የፊቅሁን ዝርዝር ለዑለሞቻችን ትተን ወደ ጤናው እንለፍ።

ጥቅሙ

ዕድሜ ሲገፋ ጆሮና ዓይን ይደክማሉ። የጅቡን ኮቴ ወይም የሌባውን እርምጃ ሽማግሌው ባይሰማ ውሻው ይሰማል፤ ሽማግሌውም ያለ ስጋት ይተኛል። በተጨማሪም ብቻውን የቀረ ሰው የሚያበላውና የሚያጠጣው ፍጡር ሲኖረው ጠዋት የሚነሳበት ምክንያት ያገኛል።

እ.ኤ.አ በ2017 በእንግሊዝ የወጣ ጥናት፣ ውሻ ያላቸው አረጋውያን ውሻ ከሌላቸው እኩዮቻቸው በቀን በአማካይ 22 ደቂቃ ያህል የበለጠ እንደሚራመዱ አሳይቷል። በዚያው ዓመት በስዊድን ከ3 ሚሊዮን በላይ ሰዎችን ያካተተ ጥናትም፣ ለብቻቸው ከሚኖሩት መካከል ውሻ ባላቸው ዘንድ ሞት ዝቅ ብሎ መገኘቱን ገልጿል። ሆኖም ቀድሞውኑ ጤነኛ የሆነ ሰው ውሻ ለመያዝ ይቀለው ይሆናልና፣ ልዩነቱን ያመጣው ውሻው ብቻ ነው ለማለት አይቻልም። በዚያ አገር ሰው ውሻውን በገመድ ይዞ በየቀኑ ያንሸራሽራል። የእኛ ውሻ ግን ብቻውን ይዞራል። ስለዚህ ከጥቅሙ ለመካፈል አረጋዊው ራሱ መውጣት አለበት፤ ማለዳ ፍየሎቹን ተከትሎ፣ ወይም ማሳውን ለመቃኘት ከውሻው ጋር ቢራመድ ለልብም ለጉልበትም ይጠቅመዋል።

ጉዳቱና መከላከያው

1. መውደቅ፦ በአሜሪካ 65 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናቸው ሰዎች ውሻ በገመድ ይዘው ሲሄዱ የደረሰባቸው የአጥንት ስብራት እ.ኤ.አ በ2004 ከነበረው 1,671፣ በ2017 ወደ 4,396 እንዳደገ ተገምቷል። በእኛ ቤት አደጋው ደፍ ላይ በተኛ ውሻ በጨለማ መደናቀፍ ነው። በዚህ ዕድሜ የዳሌ ስብራት ከአልጋ ሊያውል ይችላል። ውሻውን ከበር ራቅ አድርጋችሁ አብሉ፤ እዚያው መተኛት ይለምዳል። ሌሊት ለሚወጡ አረጋውያን ባትሪና ምርኩዝ አጠገባቸው ይሁን።

2. የውሻ ትል፦ በግና ፍየል ሲታረድ ሳንባና ጉበት ላይ ውሃ የቋጠረ እብጠት ይታያል። ይህን ጥሬውን የበላ ውሻ ትል ያፈራል፤ እንቁላሉም ከዓይነ ምድሩ በእጅ፣ በውሃና በጎመን አድርጎ ወደ ሰው ይገባል። በሰው ጉበትና ሳንባ ውስጥም ለዓመታት ሳይታወቅ ያድጋል። በተለይ በዒድ አል-አድሓ እርድ ጊዜ እንዲህ ያለውን ሥጋ ለውሻ አትጣሉ፤ አቃጥሉት ወይም ውሻ ቆፍሮ እንዳያወጣው በጥልቀት ቅበሩት። ከምግብ በፊት እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ።

3. የእብድ ውሻ በሽታ፦ ከሁሉ የከፋው ይህ ነው። በአገራችን ወረርሽኙ በአዲስ አበባ የተመዘገበው እ.ኤ.አ በ1903 ሲሆን እስከ ዛሬ አልጠፋም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በሰው ላይ ከሚደርሰው 99 በመቶው የሚመጣው ከውሻ ነው። ምልክቱ ብዙውን ጊዜ ከተነከሱ ከ2 እስከ 3 ወር ቆይቶ ይታያል፤ አንዴ ከታየ በኋላ ግን በሽተኛው ይድናል ተብሎ አይጠበቅም። በጊዜው ክትባት ከተጀመረ ግን በሽታውን መከላከል ይቻላል።

አረጋውያን የሚጎዱት «የራሴ ውሻ ነው፤ ቧጨረኝ እንጂ አልነከሰኝም» ብለው ሲንቁት፣ ወይም ልጆቻቸውን ለወጪና ለመንገድ ላለመዳረግ ሲደብቁት ነው። የቤት ውሻም በሌላ ውሻ ተነክሶ ሊያብድ ይችላል። ስለዚህ፦

- ቁስሉን ወዲያውኑ በውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ እጠቡ። በአፈር ማጠብ የተነገረው ለዕቃ ነው፤ ቁስል ላይ አፈር፣ ቡና ወይም ቅጠል አታድርጉ።
- በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሂዱ። ክትባቱ እዚያ ከሌለ ወደ ደባርቅ ወይም ጎንደር ሆስፒታል መሄድ እንዳለባችሁ ጠይቁ። የባህል መድኃኒት ክትባቱን አይተካም።
- የክትባቱን ቀጠሮዎች ሁሉ ጨርሱ፤ ቁስሉ ዳነ ብላችሁ አታቋርጡ።
- ውሻውን ሳይነካችሁ ማሰር ከተቻለ ለ10 ቀን ይታይ፤ ሕክምናውን ግን ውጤቱን በመጠበቅ አታዘግዩ።

ከዚህ ሁሉ የሚቀድመው ውሻውን በየዓመቱ ማስከተብ ነው። በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች 70 በመቶው ከተከተቡ በሽታው መተላለፉ ይቆማል። ይህ ከሰው አልፎ በሰሜን ተራሮች ለሚኖረው፣ ከውሻ በሚተላለፍ በሽታ ለሚያልቀው ቀይ ቀበሮም ጥበቃ ነው። ክትባቱ መቼ እንደሚሰጥ የወረዳውን የእንስሳት ጤና ባለሙያ ጠይቁ።

ከወላጆቻችሁ ርቃችሁ የምትኖሩ ወንድሞችና እህቶች፣ በስልክ ስለ ጤናቸው ስትጠይቁ «ውሻው ተከትቧል ወይ? ነክሷችሁ ወይም ቧጭሯችሁ ያውቃል ወይ?» ብላችሁም ጠይቁ። ለመሳፈሪያ የሚሆን ገንዘብም አስቀድማችሁ በቤት አስቀምጡላቸው።

አላህ አባቶቻችንንና እናቶቻችንን በጤና ያቆይልን!