ቆሞ ያረጀ ቤት መንገድ ሲወጣ

አሜሪካ ውስጥ አሮጌ ሞተርሆም የሚሸጥ ሰው መጀመሪያ የሚያወራው ስለ ማይሉ ነው። «የ1994 ሥሪት ነው፤ የተነዳው ግን 40 ሺህ ማይል ብቻ!» ገዢው ደስ ይለዋል። እኔ ግን እንዲህ ሲባል እጠራጠራለሁ። ሠላሳ ዓመት ኖሮ ይህን ያህል ብቻ የሄደ ቤት፣ አብዛኛውን ዕድሜውን ፀሐይና በረዶ እየተፈራረቁበት ግቢ ውስጥ ቆሞ አሳልፏል ማለት ነው። ጎማ፣ ቱቦ፣ የጣሪያ ማሸጊያ፣ የፍሬን ዘይት፣ ታንክ ውስጥ የቀረ ቤንዚን፣ እነዚህ ሁሉ ባይነኩም ያረጃሉ። ስለዚህ ከሲያትል እስከ ቦስተን ወደ 4,860 ኪሎ ሜትር የሚዘረጋውን ኢንተርስቴት 90 ሊያቋርጥ ያሰበ ሰው፣ ከመነሳቱ በፊት የእነዚያን የቆሙ ዓመታት ዕዳ መክፈል አለበት።

በዚያ ዘመን የተለመደው ዓይነት በፎርድ ኢ-350 ሻንሲ ላይ የተሠራው ነው። ፊቱ የጭነት መኪና ጋቢና፣ ጀርባው ቤት፤ ከሹፌሩ ራስ በላይ ደግሞ አልጋ ወጣ ብሎ ይታያል። እስከ 1996 ድረስ ብዙዎቹ 7.5 ሊትር ቪ8 ሞተር ነበራቸው፤ በ100 ኪሎ ሜትር 30 ሊትር ገደማ ቤንዚን ይጠጣሉ። ፎርድ ሻንሲውንና ሞተሩን ይሠራል፣ እንደ ዊኔቤጎ ያሉ ኩባንያዎች ቤቱን ይጭኑበታል። ችግሩም ከዚሁ ይጀምራል፤ የመኪናው መካኒክ ማቀዝቀዣውን አይነካም፣ ማቀዝቀዣውን የሚያውቀው ባለሙያ ፍሬኑን አያይም። ባለቤቱ ሁለቱንም የሚያይ ሦስተኛ ሰው መሆን አለበት።

ከጎማ እንጀምር። ጥርሱ አዲስ ይመስላል፤ ብዙ ስላልሄደ አያስገርምም። መታየት ያለበት ጎኑ ላይ «ዶት» ከሚለው ጽሑፍ ቀጥሎ ያሉት የመጨረሻዎቹ አራት አሃዞች ናቸው፤ 2314 ቢል በ2014 በ23ኛው ሳምንት የተመረተ ነው። ብዙ የጎማ አምራቾች ጥርሱ የቱንም ያህል ቢተርፍ ከ10 ዓመት በላይ እንዳይነዳበት ያሳስባሉ፤ ልምድ ያላቸው የሞተርሆም ባለቤቶች ያን ያህል እንኳ አይጠብቁም። ከኋላ በየጎኑ ሁለት ሁለት ጎማ አለ። የውስጠኛው ቢተነፍስ ከውጭ ምንም አይታይም፤ ጓደኛው ሸክሙን ብቻውን ተሸክሞ ይግላል፣ በሐምሌ ሙቀት አስፋልት ላይ ይፈነዳል። ፍንዳታው ከወለሉ ሥር ያለውን ቧንቧና የኤሌክትሪክ ሽቦ ይዞ ሊሄድ ይችላል። ስድስቱን አንድ ላይ መቀየር ኪስ ይጎዳል፣ ግን ከዝግጅቱ ሁሉ ይህን የሚቀድም የለም።

ቀጥሎ ጣሪያው ላይ መውጣት ነው። ውሃ የዚህ ቤት ምስጥ ነው፤ በአየር ማስገቢያው፣ በመሰላሉ ብሎን ወይም በአንድ የተሰነጠቀ መገጣጠሚያ ገብቶ ግድግዳው ውስጥ ያለውን እንጨትና ኮምፔርሳቶ ለዓመታት ድምፁን አጥፍቶ ያበሰብሳል። በዚህ ዓይነቱ ሞተርሆም ዋናው መግቢያ ከሹፌሩ በላይ ያለው አልጋ ፊት ለፊት ነው፤ ዝናብና ነፋስ በሙሉ ኃይል የሚመቱት ያንን ነው። ፍራሹን አንስቶ ጥጉን በአውራ ጣት ጫን ማድረግ ብዙ ይናገራል። ለስለስ ካለ ጉዞው ይቆይ፤ ጠንካራ ከሆነ አሮጌውን ማሸጊያ ፍቆ፣ አጽድቶ፣ ለጣሪያው ዓይነት በተሠራ ማሸጊያ እንደገና መለጠፍ ነው። የመስኮት ሲልኮን ለዚህ አይሆንም፤ በላዩ ሌላ ነገር አይዝለትም።

ማቀዝቀዣው ለብቻው የሚወራለት ነው። በ1922 ባልትሳር ፎን ፕላተንና ካርል ሙንተርስ የተባሉ ሁለት ስዊድናውያን ተማሪዎች ስቶክሆልም ውስጥ የፈለሰፉትን ዘዴ ነው እስከ ዛሬ የሚጠቀመው። የሚሽከረከር ሞተር የለውም። ትንሽ የጋዝ ነበልባል የአሞኒያና የውሃ ድብልቅ ያፈላል፤ አሞኒያው ተንኖ ይወጣል፣ ቀዝቅዞ ፈሳሽ ይሆናል፣ ከሃይድሮጅን ጋር ሲገናኝ እንደገና እየተነነ የምግቡን ሙቀት ይወስዳል፣ ከዚያም ከውሃው ጋር ተዋህዶ ወደ እሳቱ ይመለሳል። እሳት ቅዝቃዜ ሲሠራ ማየት እስካሁን ይደንቀኛል። ፈሳሹ የሚወርደው በራሱ ክብደት ስለሆነ ግን ቤቱ ዘንበል ብሎ ከቆመ ዝውውሩ ይገታል፤ የሚፈላው ክፍል ከመጠን በላይ ይግላል፣ ቱቦዎቹን ከዝገት የሚጠብቀው ጨው ደርቆ ይደፍናቸዋል፣ ከዚያ በኋላ መመለሻ የለውም። ስለዚህ በጀርባው በኩል ያለውን ክዳን ከፍቶ ቢጫ ዱቄት ወይም የአሞኒያ ሽታ እንዳለ ማየት ያስፈልጋል። ከሁለቱ አንዱ ካለ መለወጥ ነው። ጤነኛ ከሆነም ከጉዞው አንድ ቀን በፊት ባዶውን ማብራት ነው፤ ለመቀዝቀዝ ሰዓታት ይፈጅበታል።

ነበልባሉን የሚመግበው ፕሮፔን ከአየር ይከብዳል፤ ሲያፈተልክ ወለል ላይ ይተኛል። የጋዝ ጠቋሚው ከወለሉ አጠገብ የሚገጠመው ለዚህ ነው። ጠቋሚው ራሱም የአገልግሎት ዘመን አለው፤ ቀኑ ጀርባው ላይ ተጽፏል፣ በአሮጌ ቤት ውስጥ ብዙ ጊዜ አልፎበት ይገኛል። መገጣጠሚያዎቹን የሳሙና አረፋ ቀብቶ ማየት የቆየ ዘዴ ቢሆንም እምነት የሚጣልበት ነው።

ጄኔሬተሩ ቆሞ ከከረመ ካርቡራተሩ በደረቀ ቤንዚን ይደፈናል። በየወሩ ኤሲውን አስነስቶ ሁለት ሰዓት ያህል ማሠራት ይበጀዋል። ከመኪናው ታንክ ነው የሚጠጣው፤ ነዳጁ ሩብ ገደማ ሲቀር በራሱ እንዲጠፋ ተደርጎ የተገጠመው ባለቤቱ በረሃ ላይ እንዳይቀር ነው። በካምፕ ቦታ የሚሰካው የ30 አምፔር መስመር የሚሰጠው 3,600 ዋት ነው፤ ኤሲውን፣ ማይክሮዌቩንና የእንጀራ ምጣዱን ባንድ ጊዜ የሚያበራ ቤተሰብ ጨለማ ውስጥ ይቀመጣል። የውሃ ታንኩን ለማጽዳት ለ57 ሊትር ውሃ 60 ሚሊ ሊትር ሽታ የሌለው በረኪና በቂ ነው፤ ጥቂት ሰዓታት አቆይቶ ደጋግሞ ማለቅለቅ ነው።

ፍሬን ላይ ግን መቸኮል የለም። የፍሬን ዘይት ከአየር ውስጥ እርጥበት ይስባል። ዶት 3 የሚባለው ዘይት አዲስ ሲሆን የሚፈላው ቢያንስ በ205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፤ እርጥበት ከጠጣ በኋላ ይህ ወደ 140 ሊወርድ ይችላል። ከፈላ ፔዳሉ ወለሉን ይነካል፣ መኪናው አይቆምም። ኮሎራዶ ውስጥ 3,401 ሜትር ላይ ካለው የአይዘንሃወር ዋሻ ሲወርዱ 5 ቶን ገደማ የሚመዝን ቤት ከጀርባ እየገፋ ነው። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ የወረደ ሹፌር ከባድ ማርሽ አስገብቶ በሞተር መያዝን ማንም አያስተምረውም፤ ዘይቱን መቀየር ግን እሱም ይረሳል።

ሁሉም ከተሠራ በኋላ ከቤት ሩቅ ባልሆነ ቦታ ሁለት ሌሊት ማደር፣ ምድጃውን፣ ቧንቧውንና ሽንት ቤቱን ሁሉ መጠቀም ይበጃል፤ የሚበላሸው እዚያው ይበላሽ። ከዚያ ውሃውን ሞልቶ፣ ዕቃውን ጭኖ፣ ቤተሰቡን አሳፍሮ የጭነት መኪኖች ሚዛን ላይ መውጣት ነው። በከባድ መኪና ሥራ የተሰማሩ ወገኖቻችን ሚዛኑ የት የት እንዳለ አሳምረው ያውቁታል። ቁጥሩ በሹፌሩ በር ላይ ከተለጠፈው ጣሪያ ካለፈ ዕቃ ማውረድ ግድ ነው።

የቤቱን ቁመት ከነኤሲው ለክቶ ዳሽቦርዱ ላይ መለጠፍም አይረሳ። ቦስተን የገባ ሰው ተሳስቶ ስቶሮው ድራይቭ ላይ ከታጠፈ፣ 10 ጫማ ብቻ የሚል ምልክት ያለባቸው ድልድዮች ጣሪያውን ይልጡታል። ከዋሽንግተን አካባቢ ወደ ሰሜን የሚነሳ ደግሞ በባልቲሞር ሁለቱ ዋሻዎች ፕሮፔን ጭኖ ማለፍ አይችልም፤ ቤት ውስጥ የተገጠመው ታንክ ከሚፈቀደው 10 ፓውንድ ይበልጣል። ቀድሞ ማምለጫው የፍራንሲስ ስኮት ኪ ድልድይ ነበር፤ መጋቢት 2024 በመርከብ ተገጭቶ ፈረሰ። አሁን ያለው መንገድ ከተማዋን በምዕራብ የሚዞረው ኢንተርስቴት 695 ነው፤ በሥራ መውጫ ሰዓት ግን አይሞከርም።