ጠባሳው የማይታይ ሕመም

የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» በ2008 እ.ኤ.አ. በቬኒስ የተሸለመ ፊልም ነው። ለልጆች አይሆንም፤ ወላጆች ግን ብናየው ይበጃል። አንበርብር አንድ እግሩን አጥቶ ከጀርመን እናቱ ቤት ይመለሳል። ሌሊት ይቃዣል፤ ቤተሰቡ መድኃኒቱን ከጸበል ይሻል። እሱን የምትረዳው ግን መንደሩ ያገለላት አዛኑ ናት፤ የተጎዳ የተጎዳን ያውቃል።

ጦርነት ባለፈበት በጎብዬና በቆቦም ሌሊት የሚባንን ልጅ ያላችሁ ትኖራላችሁ። በነርስነት ዘመኔ «ለክፎት ነው» ተብለው ጓዳ የተደበቁ አይቻለሁ። ቅዠቱ ከወር ካለፈ ወይም ከሰው ከራቀ ጤና ጣቢያ ውሰዱት፤ «መኖር አስጠላኝ» ካለ ግን ሳታሳድሩ፣ ብቻውንም ሳትተዉት። ጸበልና ሕክምና አይጣሉም። «እርሳው» አትበሉት። ሲናገር ስሙት፤ ዝም ሲል አጠገቡ ቁጭ በሉ።