የአያቶች ትረካ ወደ መማሪያ ክፍል ሲገባ



ውድ አድማጮቻችን፣ የዛሬው ዝግጅታችን ተረት፣ ምሳሌያዊ አነጋገርና ባህላዊ ልማድ በትምህርት ቤት ሲሰጥ የሙስሊም ቤተሰብ ድርሻ ምን መሆን እንዳለበት ይመለከታል። ለአብነት የምንወስደው ሆሳዕናን፣ ዱራሜንና ሌሎች የሀዲያና የከምባታ ከተሞችን ነው።

«ተረት ልጅ ማስተኛ እንጂ ለትምህርት ምን ይበጃል?» የሚሉ ወላጆች አሉ። መልሱን ከታሪክ እናገኘዋለን። አል-ዑመሪ የተባለው የዐረብ ጸሐፊ በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን (እ.ኤ.አ.) ስለ ኢትዮጵያ ሙስሊም መንግሥታት ሲጽፍ ሀዲያን ከነዚሁ አንዷ አድርጎ ጠቅሷታል። ከዚያ ወዲህ ግን ለረጅም ዘመን ስለ ሕዝቡ የተጻፈው ጥቂት ነው። ጀርመናዊው ተመራማሪ ኡልሪክ ብራውኬምፐር በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የሀዲያን ታሪክ ሲያጠና በሰፊው የተመረኮዘው በሽማግሌዎች ትረካና በዘር ሐረግ ቆጠራ ላይ ነበር። ፋንዳናኖ በሚባለው ጥንታዊ የሀዲያ እምነት ውስጥ እንደ ጾም ያሉ የእስልምና አሻራዎች እንደነበሩም መዝግቧል። ወረቀት ያልያዘውን የሰው ልብ ይዞ አቆየው ማለት ነው። ሽማግሌው ሳይናገር ካለፈ ግን ከማን ይጠየቃል?

ትምህርት ቤቱ በበኩሉ በሩን ከፍቷል። በ1986 ዓ.ል. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ሕፃናት በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ ፈቅዷል። በ2005 ዓ.ል. በአሜሪካ ርዳታ በተጀመረው የንባብ ማሻሻያ ፕሮግራም መጻሕፍት ከተዘጋጁባቸው ሰባት ቋንቋዎች አንዱ ሀዲይሳ ነበር። በ2015 ዓ.ል. ሥራ ላይ መዋል የጀመረው ሥርዓተ ትምህርትም ለአገር በቀል ዕውቀት ቦታ ሰጥቷል። ይሁንና መጽሐፉ የሚሞላው ከቤት በሚመጣ ዕውቀት ነው።

ይህን በምሳሌ እንየው። እንሰት ተተክሎ ለምግብ እስኪደርስ ዓመታት ይወስዳል። እናቶች ፍቀው፣ በጉድጓድ አብላልተው ቆጮ ያደርጉታል፤ ከጭማቂው ዝቃጭ ቡላ፣ ከቃጫው ገመድ ይወጣል። የእንሰቱን ዝርያ በየስሙ ለይታ የምታውቀው አያት፣ ለሳይንስ መምህሩ ትልቅ አጋዥ ናት። እናቶች በየተራ የሚያጠራቅሙት የቅቤ ዕቁብና አባቶች ለበሬ መግዣ የሚቆጥቡት ገንዘብም ጥሩ የሒሳብ ትምህርት ይወጣቸዋል። «ሴራ» የሚለውን ቃል ደግሞ እንውሰድ። በአማርኛ ተንኮል ማለት ነው፤ በከምባታና በጎረቤቱ በሀላባ ግን ሕዝቡ የሚተዳደርበት፣ የተጣላ የሚታረቅበት ባህላዊ ሕግ ነው። ይህን ያልተነገረው የከተማ ልጅ የአያቶቹን ሕግ እንደ ነውር ሊቆጥረው ይችላል።

እዚህ ላይ አንድ ስጋት ይነሳል። የሀዲያው ያሆዴና የከምባታው መሳላ በመስከረም ወር የሚከበሩ የዘመን መለወጫ በዓላት ናቸው። ወቅታቸው ከመስቀል ጋር ስለሚቀራረብ አንዳንድ ወላጆች ልጃቸው ከእምነቱ ውጭ የሆነ ነገር እንዳይለምድ ይሠጋሉ። ስጋቱ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ነገር ግን ስለ አንድ ልማድ ማወቅ ሌላ፣ የሌላ እምነት ሥርዓት መፈጸም ሌላ ነው። የሸሪዓ ሊቃውንትም «ዑርፍ» ብለው የሚጠሩት የሕዝብ መልካም ልማድ ከዲን ድንጋጌ ጋር እስካልተጋጨ ድረስ ቦታ እንዳለው ያስተምራሉ። ቂም መሻር፣ ጎረቤት መጠየቅና ታላቅን ማክበር ከዚህ የሚመደቡ ናቸው። ልጃችንን ከክፍሉ ብናስቀረው ግን የሚለየውን ከማይለየው የሚያስረዳው አያገኝም፤ የራሱ ወገን ታሪክም ያለ እርሱ ይነገራል።

ስለዚህ ሦስት ነገሮችን እናሳስባለን። አንደኛ፣ በሳምንት አንድ ምሽት ቴሌቪዥኑን ዘግተን አያቶች በሀዲይሳ ወይም በከምባቲሳ እንዲተርኩ እናድርግ፤ ልጁም በእጅ ስልክ ይቅረጸው፣ በደብተሩም ይጻፈው። ሁለተኛ፣ በወላጆች ስብሰባ ላይ ተገኝተን ስለሚሰጠው ትምህርት እንጠይቅ፤ ከእምነታችን ጋር የሚጋጭ ካለ በጨዋ ደንብ እናስረዳ። ሦስተኛ፣ መምህራን የሙስሊም ሽማግሌዎችንና እናቶችንም ወደ ክፍል እንዲጋብዙ እናግባባ። በመጽሐፍ ውስጥ የእኛ ትረካ የለም ብለን ከማማረራችን በፊት ትረካውን እናቅርብ።

አላህ (ሱ.ወ.) ነገድና ጎሳ ያደረገን እንድንተዋወቅ እንደሆነ በቅዱስ ቁርኣን ነግሮናል። ራሱን ያላወቀ ደግሞ ከሌላው ጋር እንዴት ይተዋወቃል? የአያቶቻችንን ዕድሜ ያርዝምልን፤ እኛንም ሳይመሽ የምንጠይቅ ያድርገን። አሚን።