የመልእክተኛው ታማኝነት

የአሜሪካ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ1860 ዓ.ም. የአገሪቱን ምሥራቅና ምዕራብ የሚያገናኝ የቴሌግራፍ ሽቦ እንዲዘረጋ በደነገገ ጊዜ፣ በሕጉ ውስጥ ያሰፈረው አንድ ቃል ዛሬ በየኪሳችን ስላለው ስልክ የተጻፈ ይመስላል፤ ይኸውም ከማንም ሰው ወይም ማኅበር የሚመጣ መልእክት፣ የመንግሥቱ ቅድሚያ እንደ ተጠበቀ ሆኖ፣ ያለ አድልዎ በመጣበት ተራ ይተላለፍ የሚል ነው። የላኪውንና የተቀባዩን ማንነት እየመረመረ አንዱን የሚያፋጥን፣ ሌላውን የሚያዘገይ መልእክተኛ፣ አገልጋይነቱ ቀርቶ በሁለቱም ላይ ጌታ መሆኑን እነዚያ ሕግ አውጪዎች አስቀድመው ተረድተውት ነበር።

በኢንተርኔትም ደብዳቤው፣ ስብከቱ፣ ዘፈኑና የገበያው ዋጋ ሁሉ ፓኬት ወደሚባሉ ጥቃቅን ክፍሎች ተከፋፍሎ በአንድ መንገድ ይጓዛል። የሕግ መምህሩ ቲም ዉ እ.ኤ.አ. በ2003 ስያሜውን የሰጠው የኔትወርክ ገለልተኛነት የሚሻውም፣ የመንገዱ ባለቤት የሆነው ኩባንያ ስለ ጭነቱ ብዛትና ስለ ጉዞው ፍጥነት ያስከፍል እንጂ፣ ጭነቱ የማን እንደ ሆነ እየለየ እንዳያሳልፍና እንዳያግድ ነው። በየኬላው ቀረጥ እየከፈለ የኖረ የጥንት ነጋዴ ይህን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ ባላስፈለገውም ነበር፤ ኬላ ጠባቂው ራሱ ጨው ነጋዴ ከሆነ፣ የባላንጣው አሞሌ የተጫነባት በቅሎ ስንት ቀን በፀሐይ እንደምትቆም ያውቃልና።

ፍርሃቱ በሐሳብ ብቻ የቀረ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2007 ኮምካስት የተባለው ታላቅ የአሜሪካ ኩባንያ፣ ደንበኞቹ ቢትቶረንት በሚባለው ፕሮግራም ፋይል እንዳይለዋወጡ ያሰናክላል የሚል ወሬ በተሰማ ጊዜ፣ አሶሺየትድ ፕሬስ የተባለው የዜና ድርጅት ለፈተና የመረጠው ፋይል መጽሐፍ ቅዱስ ነበር፤ በንጉሥ ጄምስ ዘመን የተተረጎመው እንግሊዝኛ ቅጂ በአሜሪካ ማንም የባለቤትነት መብት አይጠይቅበትምና። ከሦስቱ ሙከራ በሁለቱ መጽሐፉ ሳይደርስ ቀረ፤ በሦስተኛውም መንቀሳቀስ የጀመረው ከ10 ደቂቃ በኋላ ነበር። አሠራሩ ደግሞ ከማዘግየቱ የከፋ ነው፤ የኩባንያው መሣሪያ በሁለቱ ኮምፒዩተሮች መካከል ገብቶ፣ ለእያንዳንዱ በሌላው ስም «ግንኙነቱ ይቋረጥ» የሚል ምልክት ይልክ ስለ ነበር፣ ሁለቱም ባልንጀራቸው የተናገረ እየመሰላቸው ይለያዩ ነበር። መንገድ መጨናነቁ እውነት ነው፤ ማስተካከሉም ተገቢ ነው፤ ነገር ግን በሰው ማኅተም ደብዳቤ መጻፍ በሐሰት መመስከር ስለ ሆነ፣ ይህን በለዘበ ቃል ለመጥራት ኅሊናዬ አይፈቅድልኝም። የአገሪቱ የመገናኛ ኮሚሽን በ2008 ድርጊቱን ቢከለክልም፣ ፍርድ ቤት በ2010 ትእዛዙን ሻረው፤ ከዚያም ወዲህ በዚያች አገር የኔትወርክ ገለልተኛነት ደንብ በ2015 ጸንቶ፣ በ2017 ፈርሶ፣ በ2024 ተመልሶ፣ በ2025 መግቢያ በይግባኝ ፍርድ ቤት እንደ ገና ወድቋል።

ከግልጹ እንቅፋት ይልቅ እኔን አብዝቶ የሚያሳስበኝ በምጽዋት መልክ የሚመጣው ነው። ፌስቡክ እ.ኤ.አ. በ2015 ከሪላያንስ ኮሙኒኬሽንስ ጋራ በህንድ አገር የጀመረው፣ በኋላም ፍሪ ቤዚክስ ተብሎ የተጠራው አገልግሎት፣ ነዳያን የዳታ ሒሳብ ሳይከፍሉ የተወሰኑ ገጾችን እንዲያዩ የሚፈቅድ፣ የቀረውን ዓለም ግን ለከፋይ ብቻ የሚተው ነበር፤ ገጾቹ የሚገቡበትን ደንብ የሚያወጣውም ፌስቡክ ራሱ ነበር። ማርክ ዙከርበርግ በታይምስ ኦፍ ኢንዲያ ጋዜጣ ላይ በጻፈው መከላከያ ነገሩን ከቤተ መጻሕፍትና ከሕዝብ ሆስፒታል ጋራ አመሳሰለው። ምንም ለሌለው ጥቂት ይሻለዋል የሚለውን ክርክር ንቆ ማለፍ የጠገበ ሰው ጭካኔ ስለሚሆን፣ እኔም ደጋግሜ አስቤበታለሁ፤ ሆኖም ለተራበ እንጀራ የሚሰጥ ባለጸጋ፣ ተመጽዋቹ ከማን ጋራ እንዲነጋገርና ምን እንዲያነብ የመወሰን ሥልጣን ከእንጀራው ጋራ አይሰጠውም።

ሕንዳውያንም ዝም አላሉም። በዚያው ዓመት ስለ ኢንተርኔት ነጻነት ለቴሌኮም ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት የጎረፈው ኢሜይል ከአንድ ሚሊዮን በላይ ነበር፤ መሥሪያ ቤቱም እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 8 ቀን 2016 ባወጣው ደንብ፣ ኩባንያዎች በይዘቱ እየለዩ የተለያየ የዳታ ዋጋ እንዳያስከፍሉ ከለከለ፤ ለአስቸኳይ አደጋ ጊዜ በር ትቶ፣ በተላላፊው ላይ በቀን 50,000 ሩፒ መቀጫ ጣለ። ፌስቡክም በቀናት ውስጥ አገልግሎቱን ከህንድ አነሣ።

ድኾቹስ እንዴት ሆኑ? በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር ጂዮ የተባለ አዲስ ኩባንያ ወደ ገበያው ገብቶ፣ ገጽ ሳይመርጥ ዳታ ለወራት በነጻ ቢያድል፣ የሌሎቹም ኩባንያዎች ዋጋ አብሮ ወደቀ። ይህን ያመጣው ፉክክርና የባለቤቱ ሀብት እንጂ የተቆጣጣሪው ደንብ ብቻ አይደለም፤ ለዚህ የሚያስፈልገውን የ4ጂ ስልክ መግዣ ያጣም ያን ጊዜ ከደጅ ቀርቷል። ስልኩን ያገኘው ግን ማንም ሳይመርጥለት የወደደውን ገጽ ሁሉ ከፈተ።