የሕክምና ወረቀት ላይ «ኮንሲቭ» የሚል ካያችሁ

ጳውሎስ ሆስፒታል አጠገብ ስለምኖር ጎረቤት የእንግሊዝኛ ወረቀት ይዞ ይመጣና «አንብብልኝ» ይለኛል። ደጋግሞ የሚያደናግረው «ኮንሲቭ» ስለሆነ ለሁላችሁም እዚሁ ልጻፈው።

ቃሉ መፀነስ ማለት ነው። ሐሳብ ሲፀነስም ያገለግላል፤ እኛም «ጽንሰ ሐሳብ» እንላለን። አንድ ዕቅድ «ዌል ኮንሲቭድ» ነው ከተባለ ከመነሻው በደንብ ታስቦበታል ማለት ነው። ይህኛው ብዙም አያስቸግርም።

የሚያስቸግረው የሆዱ ነው። ሐኪም የእርግዝናን ዕድሜ የሚቆጥረው ከመጨረሻው የወር አበባ የመጀመሪያ ቀን ተነሥቶ ነው፤ ፅንሱ የተፈጠረበትን ቀን በትክክል የሚያውቅ ጥቂት ነውና። መፀነሱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ ሁለት ሳምንት ያህል ዘግይቶ ነው። ወረቀቱ «8 ሳምንት» ካለ ከተፀነሰ 6 ሳምንት ገደማ ነው። ባል ከመንገድ የተመለሰበትን ቀን እየቆጠረ በዚህች ሁለት ሳምንት ሚስቱን ሲጠረጥር አይቻለሁ፤ በጣም ያሳዝናል። እባካችሁ መጀመሪያ ሒሳቡን አስተካክሉ።

ቤተ ክርስቲያን ግን የጌታን ልደት የምትቆጥረው ከፅንሰቱ ነው፦ ከመጋቢት 29 እስከ ታኅሣሥ 29፣ ጳጉሜን ተጨምራ፣ ዘጠኝ ወር ከአምስት ቀን። ጳጉሜን 6 በሆነች ማግሥት ዓመት ልደት በ28 የሚውለውም ይህ ቁጥር እንዳይዛባ ነው። የሐኪሙ 40 ሳምንት መነሻው ሌላ ስለሆነ ሁለቱን አታጋጩ።

«ፌይለር ቱ ኮንሲቭ» የሚል ስታነቡ ደግሞ አትደንግጡ። ያለ መከላከያ አንድ ዓመት ሞክሮ አለመፀነስ ማለት ነው እንጂ «መቼም አትወልድም» የሚል ፍርድ አይደለም። ሴቷ 35 ዓመት ካለፋት ስድስት ወር ሲሞላ መመርመር ይገባል። ምክንያቱ የማኅፀን ቱቦ መዘጋት፣ የእንቁላል በወቅቱ አለመውጣት ወይም የወንዱ ዘር ማነስ ሊሆን ይችላል። እዚሁ ሰፈራችን፣ ጳውሎስ ሆስፒታል፣ በ2011 ዓ.ም. በመንግሥት ሆስፒታል ደረጃ የመጀመሪያው የመካንነት ሕክምና ማዕከል ተከፍቷል፤ እንቁላልና ዘርን በላብራቶሪ አገናኝቶ ፅንሱን ወደ ማኅፀን የመመለስ ሕክምናም ይሰጣል። ከዚያ በፊት ብዙዎች ለዚህ ውጭ አገር ይሄዱ ነበር።

አንድ ነገር አጥብቄ ልለምን፦ ሴቷን ብቻዋን አትላኳት። የወንዱ ምርመራ የዘር ፈሳሽ መስጠት ነው፤ መርፌም ቢላም የለበትም። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን አብራችሁ ሂዱ፤ ያለፉትን ወራት የወር አበባ ቀኖችም ጽፋችሁ ያዙ፤ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው።